ከብት ያልገባበት አጸድ

ነሐሴ ሲጋመስ የሰቆጣና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው በቅድሚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመራሉ። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሚከበረው በዓል ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሣር ነው፤ ሻደይ። በዓሉ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክረምቱ ይወጣል፤ አደይ አበባም ዳገቱን ቢጫ ያለብሰዋል። ዋግ ኽምራን ለማየት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

በዚህ ወቅት ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ወደማይርቀው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚያቀና ጎብኚ ዓይኑ የሚያርፈው ከአለት ተፈልፍሎ በተሠራው ሕንፃ ላይ ነው። አርሶ አደርና የግብርና ባለሙያ ግን ወደ የትኛውም ደብር ሲገቡ ከሕንፃው አስቀድመው ሊያዩት የሚገባ ነገር አለ፤ አጸዱን። ቀና ብሎ ወይራውንና ጽዱን ማድነቅ ብቻውን አይበቃም። ጎንበስ ብሎ ከዛፉ ሥር ችግኝና ሣር መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

አበባ ለማየት ወደ ቤተ እምነት ግቢ መሄድ በሌላውም ዓለም የተለመደ ነው። በጃፓን ካማኩራ ከተማ የሚገኘው ሜይጌትሱኢን የተባለ ቤተ መቅደስ በሰኔ ዝናብ ወቅት በሰማያዊ አበባ ይሸፈናል፤ ሰዉም ያንን ለማየት ይጎርፋል። ጃፓኖች አጂሳይ የሚሉት፣ በሌላው ዓለም ሃይድራንጃ የሚባለው ይህ አበባ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ ዝርያዎች አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ሰማያዊ፣ አሲዳማነቱ ሲቀንስ ደግሞ ሮዝ ያብባሉ። አበባው የአፈሩን ጠባይ ይናገራል ማለት ነው። የእኛም ደብር አጸድ እንዲሁ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ከብት ገብቶበት እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

ይህንን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በጥናት አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ላጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራቸው በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግበዋል። በጥናታቸው ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታ ችግኞች የተሻለ በቅለው ያድጋሉ። ሌላው ግኝት ይበልጥ ያሳስባል። የአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። እናት ዛፉ ከወደቀና ከሥሩ ችግኝ ከሌለ ከመሬቱ ተመልሶ የሚበቅል አይኖርም። ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ይሆናል።

መፍትሔው ከባድ ወጪ አልጠየቀም። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የዛፍ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመሆን በደቡብ ጎንደር ባስጀመሩት ሥራ ማኅበረሰቡ ከአካባቢው እርሻ ድንጋይ እየለቀመ ደኖቹን በካብ አጥሯል። ካቡ ከብቱን ይከለክላል፤ የተለቀመለት ማሳ ደግሞ ለማረሻ ይመቻል። በዋግ ድንጋይ ብርቅ አይደለም።

ነገሩ ከደብር አጥር አያበቃም። ከንክኪ ነፃ የተደረጉ ተራሮችም የሚጠበቁት በዚሁ ሕግ ነው። የዋግ ኽምራ ማር መነሻው ክረምቱ ሲወጣ የሚያብቡት እንደ ግርቢያ ያሉ ዕፅዋት ናቸው። እነዚህ ሳያብቡ ከተጋጡ ቀፎው ዘመናዊም ይሁን ባህላዊ ባዶውን ይቀራል፤ ንቡም ቀሰም ፍለጋ ጥሎ ይሄዳል።

እርግጥ ነው፣ መከለል የሚከብደው መኖ ለሌለው ነው። ድርቅ ደጋግሞ በሚጎበኘው አካባቢ “ከብትህን አታስገባ” ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ሣሩ ታጭዶ በፍትሐዊነት ካልተከፋፈለ አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል። የቀበሌ አመራሩ ተራራውን ከመዝጋቱ በፊት ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ያጭዳል የሚለውን ከነዋሪው ጋር መክሮ በመተዳደሪያ ደንብ ማስፈር አለበት። ከብት የሌላቸው ወጣቶችና እማወራዎች በተከለለው ተራራ ቀፎ የሚያኖሩበት ቦታ ቢሰጣቸው ለጥበቃው የመጀመሪያ ተቆርቋሪ ይሆናሉ።

የአጨዳውም ጊዜ ወሳኝ ነው። ሣር ማበብ ሲጀምር ቢታጨድ ለመኖ የተሻለ ይሆናል፤ ካረጀ በኋላ ግን ገለባ ይሆናል። ንብ የሚቀስማቸው ዕፅዋትና ቁጥቋጦዎች አበባቸው እስኪያልቅ ይቆዩ። ለቀጣዩ ዓመት ዘር እንዲያራግፍም በየቦታው ያልታጨደ ሣር መተው ይገባል።

የችግኝ ጣቢያዎችም ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የአካባቢውን ድርቅ የለመደ የወይራና የጽድ ዘር በደብሮቹ አጸድ ይገኛል። ካህናቱን አስፈቅዶ መልቀም ይቻላል። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ዘሩ ሳይጎዳ ቅርፊቱ ቢሰበር ፈጥኖ ይበቅላል።

ልጃገረዶቹ በየዓመቱ ነሐሴ ሻደይ ፍለጋ ይወጣሉ። ሣሩን ከደጃቸው ያገኙት እንደሆነ ተራራው ተጠብቋል፤ ርቀው ከሄዱ ደግሞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ከዚህ የበለጠ ሪፖርት አያስፈልገውም።