ቆራጩን የሚይዘው

በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በጌራ ቡና ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ክምሩ ይሞቅና መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም አብሮ ይበላሻል። የመፈልፈያው ሻፍት በዚህ ወቅት ቢሰበር፣ ቡናው ከአዲስ አበባ የሚመጣ መለዋወጫ አይጠብቅም። አዲስ ሻፍት እዚያው ጅማ በቶርኖ ይወጣል፤ የፑሌጃው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ ደግሞ በሚሊንግ ማሽን ይቆረጣል። ትንሽ ሚሊንግ ማሽን ቤቱ ያስገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። እኔ ግን ቆራጩን ከሚይዘው ነገር ይጀምር እላለሁ።

ምክንያቴ ያ ቦይ ነው። ለምሳሌ የተለመደው ባለ 1.5 ኪሎዋት፣ ባለ አራት ፖል ሞተር ሻፍቱ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዚህ ውፍረት መደበኛው ቁልፍ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የቦዩ ስፋት እንዲዛነፍ የሚፈቀደው በ0.036 ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ግማሽ ገደማ። ቆራጩ ሲዞር በ0.05 ሚሊ ሜትር ከዋለለ ቦዩም ያንኑ ያህል ይሰፋል። በሰፋ ቦይ ውስጥ ቁልፉ ይላወሳል፤ ከእሸቱ ጋር ጠጠር በገባ ቁጥር ግድግዳውን ይመታል፣ ውሎ አድሮም ይቆረጣል። ቆራጩም አይተርፍም፤ ጥርሶቹ ሊካፈሉት የሚገባውን ሥራ አንዱ ብቻውን ስለሚሸከም ቶሎ ይደነዝዛል።

ቦዩን የሚቆርጠውን ቆራጭ፣ ኤንድ ሚልን፣ በመብሻ ቹክ ማሰር ክፉ ልማድ ነው። የመብሻ ቹክ የተሠራው ቁልቁል የሚመጣን ግፊት ለመቻል ነው። ሦስቱ መንጋጋዎቹ የቆራጩን እግር የሚነኩት በሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ሚሊንግ ደግሞ ወደ ጎን ይገፋል፣ ያንቀጠቅጣል። ጠመዝማዛው ጥርስ ቆራጩን ወደ ታች ይስበዋል፤ ቹኩም ራሱ ከተሰካበት ሾጣጣ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ይህ አደጋ ነው።

ኮሌት ሌላ ነገር ነው፦ ከሁለቱም ጫፍ እየተፈራረቀ የተሰነጠቀ፣ ውጪው ሾጣጣ የሆነ የብረት እጅጌ። የመያዣው ዳዶ ሲጠብቅ ኮሌቱን ወደ መያዣው ሾጣጣ ጉድጓድ ይገፋዋል፤ ስንጥቆቹ ይጠባሉ፣ ቆራጩም ዙሪያውን እኩል ይታቀፋል። ዛሬ በየዎርክሾፑ የሚታየው ኢአር የተባለው ዓይነት የስዊዙ ሬጎ ፊክስ ሥራ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ። ኢአር 16 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ ኢአር 25 እስከ 16፣ ኢአር 32 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ለጅማ ዓይነት የጥገና ሥራ ኢአር 32 እመርጣለሁ፤ ከቀጭን መብሻ እስከ ወፍራም ቆራጭ ያስተናግዳል። ማሽኑ በጣም ትንሽ ከሆነና ከፍታው ካነሰ ግን ኢአር 25 ይበልጣል፤ አጭርና ቀላል ነው። የመያዣው ጭራ ከስፒንድሉ ጋር መግጠሙ አስቀድሞ ይረጋገጥ፦ ትንንሾቹ ማሽኖች አንዳንዶቹ ሞርስ 3፣ ሌሎቹ አር 8 ናቸው። የትኛውም ቢሆን ከላይ በብሎን ተስቦ መጥበቅ አለበት።

አሥራ ስምንት ርካሽ ኮሌት በአንድ ሳጥን ከመግዛት፣ ለሚሠሩባቸው ቆራጮች ልክ የሆኑ አራት አምስት ጥሩ ኮሌቶች ይሻላሉ። እያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል መጥበብ ይችላል፤ ትክክለኛነቱ ግን በስሙ ልክ ላይ ነው። ለ8 ሚሊ ሜትር እግር ባለ 8 ኮሌት እንጂ ተጨምቆ የጠበበ ባለ 9 አይሆንም።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮሌቱ መጀመሪያ ዳዶው ውስጥ ጋደል ተደርጎ ቀጭ እስኪል ይገባል፤ ዳዶው ውስጥ ያለው ቀለበት ኋላ ሲፈታ ስቦ የሚያወጣው እሱ ነውና። ኮሌቱን ባዶውን መያዣው ውስጥ ጥሎ ዳዶውን ከላይ ያጠበቀ ሰው ኮሌቱን ያጣምማል፣ ሲፈታም ተቀርቅሮ ይቀርበታል። ከዚያ በፊት ሾጣጣው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ አንዲት የብረት ብናኝ ያን ሁሉ ልኬት ታበላሻለች። ሲያበቃ ዳያሉን በሞርሳው ላይ አቁሞ፣ ጫፉን በቆራጩ ለስላሳ እግር ላይ አስደግፎ፣ ስፒንድሉን በእጅ ማዞር ነው። መርፌው ከ0.02 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ እንደገና ማሰር።