ከእምባቦ እስከ ዓድዋ፦ የትናንት ባላጋራዎች እንዴት አብረው ዘመቱ?

ከእንጭኒ ተነስቶ በሆለታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አልፎ ጌዶ ይደርሳል። እዚያ መንገዱ ይከፈላል። ወደ ሰሜን የሚታጠፈው ወደ ፊንጫና ወደ ሻምቡ፣ ወደ ሆሮ ጉዱሩ አገር ያወጣል። እምባቦ ያለው በዚሁ አገር ነው። በግንቦት 1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ግን እነዚሁ ሁለት ሰዎች ዓድዋ ላይ በአንድ ወገን ተሰልፈው ጣሊያንን ወጉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ እንዴት ሆነ ብለን ብንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምናገኘው መልስ አንድ ነው፤ የውጭ ጠላት ሲመጣ ጠብ ሁሉ ይረሳል ይባላል። ይህ መልስ በዓለምም የተለመደ ነው። በኅዳር 1978 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ከሶቪየቱ መሪ ሚኻይል ጎርባቾቭ ጋር ጄኔቫ ላይ ሲገናኙ፣ ከጠፈር የመጣ ወራሪ ምድርን ቢያጠቃ ሁለቱ አገሮች ይረዳዱ እንደሆነ ጠይቀዋቸው ነበር። ጎርባቾቭም ያለ ጥርጥር እንረዳዳለን ብለዋል። ሬገን ይህን ሐሳብ በመስከረም 1980 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይም አነሡት። በጎ ሐሳብ ነው። የእኛን ታሪክ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ ይረዳል። ወራሪው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ ያልታረቁ አሉ። ከወራሪው ጋር ሆነው ወገናቸውን የወጉም አሉ። አብሮ መዝመት የሚቻለው ጠላት ስለመጣ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን የሚወስነው ከዚያ በፊት ባላጋራው በተሸነፈ ጊዜ የተደረገለት ወይም የተደረገበት ነገር ነው።

ወደ እምባቦ እንመለስ። የጠቡ ምክንያት ደቡቡና ምዕራቡ አገር ነበር። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ቡናው የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሁለቱም ነገሥታት የንግዱን በር መያዝ ፈለጉ። የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ የጎጃሙን ራስ አዳልን በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ብለዋቸዋል። ምኒልክ ደግሞ በዚሁ አገር ላይ ዐይናቸውን ጥለው ነበር። ሁለቱም በዐፄ ዮሐንስ ሥር ስለሆኑ ውጊያው የአንድ ጌታ ሁለት ሎሌዎች ጠብ ነበር ማለት ይቻላል። የሸዋን ጦር ለድል ያበቁት በተለይ በራስ ጎበና ዳጬ የሚመሩት የኦሮሞ ፈረሰኞች ናቸው።

የውጊያው ሜዳ የኦሮሞ ገበሬ እርሻ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የሁለት ነገሥታት ጦር ለፍልሚያ ሲሰናዳ ስንቁን የሚያወጣው ከባላገሩ ጎተራና በረት ነው። አንዱ ቢያሸንፍ ግብሩ ወደ ሸዋ ይሄዳል፤ ሌላው ቢያሸንፍ ዓባይን ይሻገራል። ባላገሩን የጠየቀው የለም።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ የቆሰሉትን ንጉሥ አላዋረዱም፤ በክብር ያዙዋቸው፣ ቁስላቸው እንዲታከም አደረጉ። በዘመኑ ልማድ ከዚህ የከፋ ነገር ማድረግ ይችሉ ነበር፤ የሚከለክላቸው አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ ግን ሁለቱም ያለ እሳቸው ፈቃድ ስለተዋጉ ሁለቱንም ቀጡ። ከምኒልክ ወሎን ወሰዱ፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን። በዚህ ቅጣት አሸናፊውም ተሸናፊውም የተበደሉ ሆኑ። በ1880 ዓ.ም. ሁለቱ በዐፄ ዮሐንስ ላይ የተስማሙት ያለ ምክንያት አይደለም። የዓድዋው ጉዞ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ እምባቦ ላይ የቆሰለው ንጉሥ ተዋርዶ ቢሆን ኖሮ ከስድስት ዓመት በኋላ ምክር አይኖርም፤ ምክሩ ባይኖር ኖሮ የጎጃም ጦር በ1888 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ለመዝመቱ ዋስትና አልነበረም።

አሁን ደግሞ ያልተሳካውን እንይ። በጥር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር በሐምዳን አቡ አንጃ እየተመራ ከሱዳን ገብቶ ሳር ውሃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን አሸነፈና ጎንደርን አቃጠለ። ያን ጊዜ ጣሊያን ምጽዋን ከያዘ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ሁለት እሳት መካከል ቆሙ። ወደ መተማ ከመዝመታቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ለአቡ አንጃ ደብዳቤ ጻፉ። የአውሮፓ ሰዎች የሁለታችንም ጠላቶች ናቸው፤ እኛን ቢያሸንፉ እናንተንም አይተዉም፤ ስለዚህ እርስ በርስ መዋጋቱን ትተን በእነሱ ላይ እንተባበር የሚል ነበር መንፈሱ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች የመሐዲስቶችን መንግሥት አፈረሱት።

አቡ አንጃ ግን የመለሱት በዘለፋ ነበር፤ ንጉሡ እስልምናን ካልተቀበሉ እርቅ የለም አሉ። ለምን? በሁለቱ መካከል ገና ትኩስ ደም ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በመሐዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በአገራቸው በኩል አሳልፈው አስወጥተዋል፤ የጦር አለቃቸው ራስ አሉላም ኩፊት ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተዋል። ሃይማኖቱም በመካከል ገባ። አንዱ ወገን አደጋውን አይቷል፤ ሌላው ግን ድል በድል ላይ ስለሆነለት አደጋው አልታየውም። ለአንዱ ብቻ የሚታይ ጠላት የጋራ ጠላት አይሆንም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ሞቱ። ምኒልክ በኋላ ከመሐዲስቶቹ መሪ ከኸሊፋው ጋር መልእክተኛ ተላልከው ጠቡን አበረዱት፤ ያን ጊዜ ግን ሱዳንም የአውሮፓን ኃይል በዐይኗ እያየች ነበር።

ምኒልክስ ንጹሕ ነበሩ ወይ? አልነበሩም። ሸዋን የምንወድ ሰዎች ይህን ማለት ይከብደናል፤ ግን እውነት ነው። በጥቅምት 1880 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ከተመታ ወራት በኋላ፣ ምኒልክ ጣሊያንና ዐፄ ዮሐንስ ቢዋጉ ጣልቃ ላይገቡ ከጣሊያን ጋር ተዋዋሉ፤ የተገባላቸው ዋጋ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ነው። ቀጥሎ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል መጣ። ጣሊያኖች ይህን የመከፋፈል ሥራ በደንብ ያውቁበት ነበር። በመካከላቸው ሁለት ወገን ነበር፦ አንዱ ሸዋን ይዘን ትግራይን እንምታ ይላል፤ ሁለተኛው ትግራይን ይዘን ሸዋን እናዳክም ይላል። መጀመሪያ አንዱን ሞከሩ፤ ምኒልክ የውጫሌን ውል ሲቃወሙ ወደ ሁለተኛው ዞሩ።

ሁለተኛው መንገድ ወደ ራስ መንገሻ ዮሐንስ ወሰዳቸው። መንገሻ አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ወራሼ ነው ያሏቸው ሰው ናቸው። ከዐፄ ዮሐንስ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ለሆኑት ለምኒልክ አልገብርም አሉ። በ1884 ዓ.ም. መረብ ላይ ከጣሊያኖች ጋር ተገናኝተው ወዳጅነት ተማማሉ። ጣሊያን ግን መሬት ይፈልግ ነበር እንጂ ወዳጅ አይፈልግም፤ ያ ለመንገሻ ውሎ አድሮ ተገለጠላቸውና በ1886 ዓ.ም. ከራስ አሉላ ጋር አዲስ አበባ ገብተው ድንጋይ ተሸክመው ምኒልክን ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታውን አገኙ፤ የተመኙትን የንግሥና ዘውድ ግን አላገኙም። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ ይመጣል።

መስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲታወጅ አዲስ አበባ የተሰባሰበውና በመንገድ የተጨመረው ጦር እንደ ዛሬ መደበኛ ሠራዊት አንድ ወጥ አልነበረም። ጎጃም በንጉሥዋ፣ ወሎ በራስ ሚካኤል፣ ሐረር በራስ መኰንን፣ ትግራይ በራስ መንገሻና በራስ አሉላ፣ ዋግ በዋግ ሹሙ ሥር ዘመተ። ራስ ሚካኤል ራሳቸው ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ክርስትና የተነሡትም በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳው ጉባኤ ዘመን በዐፄ ዮሐንስ ግፊት ነው። አብዛኞቹ መኳንንት አንዱ ከሌላው ጋር ደም የተቃባ ነበር። መፍትሔው ቀላልና ብልህ ነው፦ ማንም የሌላውን ወታደር አያዝም፤ እያንዳንዱ በራሱ ዓርማ፣ በራሱ ሰፈር፣ በራሱ ነጋሪት ይሰለፋል። ንጉሠ ነገሥቱ የሚያዝዙት አለቆቹን ነው። የማይተማመኑ ሰዎች አብረው እንዲሠሩ ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ ሳይዋረድና ትጥቁን ለሌላ ሳያስረክብ የሚሠራበት ቦታ ያስፈልገዋል።

የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ የተማመነው በዚህ ልዩነት ላይ ነበር። ስንቅ ሲያልቅ መኳንንቱ ይባላሉ፣ ጦሩም ይበተናል ብሎ ጠበቀ። የስንቁ ስሌት ስሕተት አልነበረም፤ የምኒልክ ሰፈር በእርግጥ ተቸግሮ ነበር። የከዱት ግን ከራሱ ወገን ነበሩ። በየካቲት ወር ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ፣ እስከዚያ ድረስ ከጣሊያን ጋር የነበሩ የአጋሜ ሹማምንት፣ ወደ ምኒልክ ዞረው ከኋላው የስንቅ መንገዱን መቱት። ባራቲየሪ ሊያፈገፍግ ወይ ሊዋጋ ተገደደ። ወደ 17,700 የሚጠጋ ሰውና 56 መድፍ ይዞ በየካቲት 23 ሌሊት ወደ ዓድዋ ገሠገሠ። የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ከድሉ በኋላ የሆነውን ነው። ራስ አሉላ ዓመት ሳይሞላ ከራስ ሐጎስ (ከአጋሜው ሐጎስ ሌላ ናቸው) ጋር ተዋግተው በደረሰባቸው ቁስል ሞቱ። ሁለቱም ትግሬዎች ናቸው፤ ጠባቸው የአገር ውስጥ ጠብ ነበር። ራስ መንገሻ የተነፈጉትን ዘውድ አልረሱም፤ በ1891 ዓ.ም. አመፁ፣ ተሸነፉ፣ ቀሪ ዘመናቸውን በአንኮበር በእስር ጨረሱ። ተክለ ሃይማኖት ግን እስከ ሞቱበት እስከ ጥር 1893 ዓ.ም. ጎጃምን እንደያዙ ቆዩ። ሁለቱን አስተያዩ። እምባቦ ላይ ተሸንፎ ክብሩ ያልተነካው ታማኝ ሆኖ ሞተ፤ ይቅርታ ተደርጎለት ተስፋው የተቆረጠበት ተመልሶ ሸፈተ። በቻይናም በ1929 ዓ.ም. የራሳቸው መኰንኖች ሲያን ላይ ይዘው ያስገደዱዋቸው ቺያንግ ካይሼክ ከኮሙኒስቶቹ ጋር ጃፓንን ለመውጋት ተስማሙ፤ ጃፓን በተሸነፈ ማግሥት ግን ያው የእርስ በርስ ጦርነት ቀጠለ። ጠላት ሲሄድ ስምምነቱን የሚያቆየው ሌላ ነገር ከሌለ ይፈርሳል።

የመጫና የቱለማ ኦሮሞ ፈረሰኛስ? ከአምቦ፣ ከጊንጪ፣ ከአዳ በርጋ አካባቢ የዘመተው ሰው ጥቂት አልነበረም። በቅርብ ዓመታት በኃይል የተገዛ ሕዝብ ነው፤ ቁስሉን ያጠበለት፣ መሬቱን በውል የመለሰለት የለም። ለንጉሥ የተደረገው ክብር ለገበሬ አልተደረገም። እሱ ግን ፈረሱን ጭኖ ዓድዋ ድረስ ሄደ። ስለ ዓድዋ አንድነት የምናወራ ሁሉ ይህን ዕዳ አብረን መናገር አለብን።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲመለስ ጥያቄው እንደገና መጣ፤ አሁን ደግሞ በሁለት ሰዎች ላይ ጎልቶ ታየ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉ፣ ዓድዋ ላይ በመድፈኝነት የተጋደሉ ናቸው። በ1920 ዓ.ም. ከሲዳሞ ብዙ ሠራዊት አስከትለው አዲስ አበባ ዳር ነፋስ ስልክ ሰፈሩ፤ እሳቸው ቤተ መንግሥት ግብር ሲጋበዙ ግን ወታደሮቻቸው በብልሃት ተበተኑ። ታሰሩ፣ ኋላም ምንኩስና ገቡ። ራስ ኃይሉም በተራቸው በ1924 ዓ.ም. በእስር የነበሩትን ልጅ ኢያሱን ሊያስመልጡ ተባብረዋል ተብለው ታሰሩ፣ ሀብታቸውም ተወሰደ። ራስ ኃይሉ የእምባቦው ንጉሥ የተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው።

ሁለቱም በአንድ ሰው፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት በሆኑት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ተበድለዋል። ባልቻ ሽማግሌ ሆነው ከገዳም ወጥተው ዘመቱ፤ ሐምሌ 21 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለመያዝ ከየአቅጣጫው ሲመጡ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰው አሰልፈው ነበር። ያ ዘመቻ ክረምቱ ወንዞችን ስለሞላና አለቆቹ በአንድ ሰዓት መድረስ ስላልቻሉ ከሸፈ። ዓድዋ ላይ ሁሉንም የሚያዝዝ አንድ ድንኳን ነበር፤ እዚህ አልነበረም። በማግሥቱ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ በጣሊያኖች ተገደሉ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ባልቻም ጣሊያኖች እጅዎን ይስጡ ሲሏቸው ተኩሰው ወደቁ። ኃይሉ ግን ለጣሊያን አደሩ፤ አርበኞቹንም ወጉ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ኃይሉ ከከተማው ሆነው ገበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አላስገደሏቸውም፤ የጎጃም መኳንንት የሚያስፈልጓቸው ጊዜ ነበርና ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በጥበቃ ሥር እንዲኖሩ አደረጉ።