የወረቀት መለኪያው ከፍሬው ይልቅ ለገለፈቱ

ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ገነት ተጭኖ የሚወጣ ቡና ደረጃው የሚወሰነው በዓይንና በምላስ ነው። በአገሪቱ የደረጃ አወጣጥ ጥሬው ሲታይ 40፣ ተቆልቶ ሲቀመስ ደግሞ 60 ነጥብ ይያዛል። በዚህ ስሌት ውስጥ አንቲኦክሲዳንት ቦታ የለውም። የቡናውን ገለፈትና ቅጠል ለሻይ ወይም ለቆዳ ቅባት ለሚገዛ ድርጅት ግን ከዋነኞቹ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው።

አንቲኦክሲዳንት ምግብም ሆነ ቅባት ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እንዳይበላሽ የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ነው። በቡና ውስጥ ጎልቶ የሚገኘው ክሎሮጄኒክ አሲድ የተባለው ዓይነት ነው። መጠኑን በተለመደው መንገድ ለማወቅ ላቦራቶሪ፣ ኬሚካልና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የገለፈት ሻጭ ኪስ የሚችለው ወጪ አይደለም።

ርካሹ አማራጭ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በጆርጅ ኋይትሳይድስ የሚመራው ቡድን፣ ፈሳሽ በወረቀት ላይ በተለየለት መስመር እየሄደ ምርመራ ሊካሄድበት እንደሚችል አሳየ። በ2013 ደግሞ የአሜሪካው ክላርክሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሴሪየም ኦክሳይድ ደቃቅ ቅንጣቶችን ወረቀት ላይ አኑረው በሻይ ሞከሩት። አንቲኦክሲዳንት ሲነካው ወረቀቱ ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል፤ ቀለሙ በደመቀ ቁጥር መጠኑም ይጨምራል። መብራት አይፈልግም፤ ቀለሙን በዓይን ማስተያየት ወይም በስልክ ፎቶ አንስቶ መለካት ይቻላል።

ለጅማ ዙሪያ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከ6 ኪሎ ያህል እሸት ቡና የሚገኘው ጥሬ ቡና 1 ኪሎ ያህል ነው። ቀሪው ውኃና ልጣጭ ሲሆን፣ ከእሸት መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚወጣው ፍሳሽ የአካባቢውን ወንዞች ሲበክል ኖሯል። የአውሮፓ ኅብረት ከቡና ቅጠል የሚፈላውን መጠጥ በ2020፣ የደረቀውን የቡና ልጣጭ ደግሞ በ2022 ለገበያ ፈቅዷል። በሩ ከተከፈተ ዘንድ ጥያቄው ማን ይለካል የሚለው ነው። ገዢው ብቻ መለኪያ ከያዘ ሻጩ የተባለውን ዋጋ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። ወረቀቱ በማኅበሩ መጋዘን ካለ ግን በአልጋ ላይ በወጉ የደረቀውን፣ ተከምሮ ከቦካው አስቀድሞ ለመለየት ይረዳል። ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው ናሙናም ይቀንሳል።

ለፍሬው ዋጋ ግን ወረቀቱን ዳኛ ማድረግ ስህተት ይሆናል። ሮቡስታ አብዛኛውን ጊዜ ከአረቢካ የበለጠ ክሎሮጄኒክ አሲድ አለው። በወረቀቱ ቢፈረድ በዓለም ገበያ በአብዛኛው በርካሽ የሚሸጠው ሮቡስታ የሊሙን የታጠበ ቡና ይበልጠው ነበር! ቅባት ላይም ጥንቃቄ ያሻል፤ ቫይታሚን ሲ የተጨመረበት ክሬም ያለ ቡናው እገዛ ወረቀቱን ሊያቀልም ይችላል። የገለፈቱ ውኃም በራሱ ቀለም ስላለው፣ ናሙናው ሁሉ በእኩል ክብደት፣ በእኩል ውኃና በእኩል ደቂቃ ካልተዘፈዘፈ አጋሮ ላይ የታየው ቀለም የቡ ላይ ከታየው ጋር አይወዳደርም።

ሌላው፣ ወረቀቱ የሻጋታ መርዝ አያይም። ኦክራቶክሲን ኤ ያለበት ገለፈት ደማቅ ቀለም ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለውጭ ገበያ የሚጫን ሁሉ የሻጋታ መርዝ ምርመራውን ለብቻው በላቦራቶሪ ማድረግ ይኖርበታል።