«ፎይል ለብሷልና አይቃጠልም»፦ ስለ ወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ተረትና እውነታ

የወጥ ቤት ጭስ ማውጫ ላሜራ ሊሸፈን ሲታሰብ አንድ ንግግር አይጠፋም፦ «ፎይል ስላለው እሳት አይነካውም»። ሻጩ ይናገረዋል፣ ገጣሚው ይደግመዋል፣ ባለቤቱም ብር ስላወጣበት ያምነዋል። ከቦሩ ሜዳ ደሴን አልፎ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ፣ በፎቅ ሆቴልም ሆነ በቆርቆሮ ጣራ ምግብ ቤት፣ ዘይት የሚፈላበትና ከሰል የሚነድበት ወጥ ቤት ሁሉ ይህ እምነት ይመለከተዋል። አባባሉ ከመሬት ተነስቶ የተፈጠረ አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ሌሊት የቀዘቀዘ ቆርቆሮ ከሥሩ ውሃ ያዥና ያንጠባጥባል፤ ፎይል የተለጠፈበት ቀጭን ፎም ይህንን በደንብ ይከላከላል። የሚያብለጨልጨው ገጽ የሚፈነጥቅ ሙቀትን መልሶ እንደሚወረውርም እውነት ነው። ንጹሕ አየር ብቻ ለሚያስተላልፍ ቱቦ፣ ከምድጃና ከምጣድ ርቆ እስካለፈ ድረስ፣ ቅዝቃዜና ጤዛ መከላከያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ጥፋቱ የሚጀምረው ያው ጥቅልል የዘይት ጭስ በሚወጣበት ቱቦ ላይ ሲጠመጠም ነው።

ሙቀቱን በቁጥር እንየው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ፎይል ደግሞ ከወረቀት የማይወፍር አሉሚኒየም ነው። ከጀርባው ያለው የፖሊኢቲሊን ፎም 660 ድረስ እንኳ አይጠብቅም፤ ከ100 ዲግሪ ጥቂት እንዳለፈ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ ሲነድም እሳቱን ይዞ ወደታች ይንጠባጠባል። በቱቦው ውስጥ የተጋገረ ቅባት አንዴ ከተያያዘ ግን የውስጡ ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «እሳት መከላከያ» ተብሎ የተለበጠው ነገር ለእሳቱ ተጨማሪ ማገዶ ይሆንለታል። ከእጅ አይሻል ዶማ ቢባል እንኳ ያንሰዋል፤ ባዶው ላሜራ ቢያንስ ራሱ አይነድም። በ1988 ዓ.ም. በጀርመን የዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ የብየዳ ፍንጣሪ ኮርኒስ ውስጥ የነበረውን የፖሊስታይሪን መከለያ አቀጣጥሎ 17 ሰዎች ሞተዋል። እዚያም መከለያው የተቀመጠው ለጥቅም ነበር። ይህን እያወቁ «ያው ነው፣ ፎይል አለው» ብለው የሚሸጡ ሰዎች ትዕግሥት አይገባቸውም። ሳያውቁ የሚሸጡትም ቢሆኑ የዕቃውን ወረቀት የማንበብ ግዴታ አለባቸው።

ትክክለኛው ሽፋን እንኳ ቢሆን ሥራው ብዙ ሰው የሚያስበው አይደለም። ከሴራሚክ ክር ወይም ከቀለጠ ድንጋይ የሚፈተለው ብርድ ልብስ መሰል ጥቅልል በቱቦው ውስጥ እሳት እንዳይነሳ አያደርግም፤ የሚጠብቀው ውጭ ያለውን ቤት ነው። ላሜራ ሙቀትን በፍጥነት ያሳልፋል፤ ከጎኑ ደግሞ የባሕር ዛፍ ወራጅ፣ የችፑድ ኮርኒስ ወይም አሮጌ አቡጀዲ አለ። እንጨት በድንገት በሚመጣ ሙቀት ለመቀጣጠል 300 ዲግሪ አካባቢ ያስፈልገዋል፤ ለዓመታት ቀስ በቀስ የተጠበሰ እንጨት ግን ከዚያ ባነሰ ሙቀት ሊጨስ እንደሚችል ይታመናል። ትክክለኛው ወሰን የት እንደሆነ ባለሙያዎች ገና ይከራከሩበታል፤ ለባለቤቱ ግን መጠንቀቁ ይሻላል። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው ቁጥር 96 ደረጃ ያልተሸፈነ የቅባት ቱቦ ከሚነድ ነገር 457 ሚሊሜትር እንዲርቅ ይጠይቃል። ያን ያህል ቦታ ሲጠፋ ነው የተፈተነ ሽፋን የሚመጣው፦ ብዙ ጊዜ 38 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሁለት ድርብ፣ መጋጠሚያው 75 ሚሊሜትር ያህል ተደራርቦ፣ በፕላስተር ሳይሆን በብረት ቀበቶ የታሰረ፣ ጣራና ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታም ያልተቋረጠ። ገጣሚ በጠባብ ጥግ «እዚህ ማን ያየዋል» ብሎ የሚተወው አንድ ክንድ ላሜራ የቀረውን ልፋት ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ እሳት የሚሾልከው በዚያው ነውና።

ባለቤቶች ሁለት ክርክር ያነሣሉ። አንደኛው ዋጋ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ውድ መሆኑ አይካድም። መልሱ ርካሹን መተካት አይደለም፤ ርቀት ነፃ ነው። ቱቦውን በአጭሩ በብሎኬት ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ማውጣት፣ በሚያልፍበት ቦታ ያለውን ችፑድ ቆርጦ በማይነድ ነገር መተካት፣ ወራጁን ማራቅ፣ ይህ ሁሉ ከሽፋን በፊት ይመጣል። ቱቦው በማይነድ ግድግዳና ጣራ መካከል ብቻ ካለፈ ብዙውን ርዝመት መሸፈን ላያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው «የእኛ ምግብ እንጀራና ወጥ ነው፣ ቅባት የለውም» የሚል ነው። ለምጣዱ ልክ ነው፤ የሚወጣው በአብዛኛው እንፋሎት ነው። ጥብስ የሚሠራበት፣ በረመዳን ሳምቡሳ ከአስር እስከ ማታ የሚጠበስበት ወጥ ቤት ግን ሌላ ነው። ከሰልና እንጨት ካለ ደግሞ ፍም ራሱ ወደ ቱቦው ይሳባል፤ ያው የአሜሪካ ደረጃ በእንጨትና በከሰል የሚሠራን ቱቦ በየወሩ ማየት ይጠይቃል፣ ብዙ የሚጠበስበትን በየሦስት ወሩ።

የቀሩት አባባሎች በአጭሩ ያልቃሉ። «ብረት አይቃጠልም»፦ የሚቃጠለው ውስጡ ያለው ቅባት ነው፤ በጋላቫናይዝድ ላሜራ ላይ ያለው ዚንክም በ419 ዲግሪ ይቀልጣል። «ከተሸፈነ ማጽዳት አያስፈልግም»፦ ተቃራኒው ነው፤ በመጋጠሚያ የሚያፈስ ቅባት በሽፋኑ ተሰውሮ ክሩን እንደ ኩራዝ ክር ስለሚያርሰው ቱቦው በብየዳ የተገጠመ፣ የማጽጃ በሮቹም በሚነሳ ሽፋን የተከደኑ መሆን አለባቸው። «አሮጌው አስቤስቶስ ይበልጣል»፦ እሳት ይችላል፣ ሳንባን ግን ይበላል፤ በእጅ አይነካካ። የነደደ ዘይት ላይ ውሃ መድፋትም አይገባም፤ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ሆኖ ሲፈነዳ ዘይቱን ከምድጃው በላይ ወዳለው ጭስ መሳቢያና ወደ ቱቦው ይበትነዋል።

ከመግዛት በፊት ትንሽ የሽፋን ቁራጭ ውጭ አውጥቶ በክብሪት መሞከር ይቻላል፤ ከቀለጠ ወይም ካንጠባጠበ ነገሩ አበቃ። ካልነደደ ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ የክብሪት ነበልባል ከቱቦ እሳት ጋር አይወዳደርም። ሻጩ የሚጠየቀው ወረቀት ዕቃው በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት፣ በስንት ድርብ ለቅባት ቱቦ እንደተፈተነ የሚናገር ነው፤ «እሳት የማይነካው» የሚል ጽሑፍ ብቻ ካለበት ጥቅልሉ ወደ መደርደሪያው ይመለስ።