የጅቡቲ ባቡር መስመር የቦታ ስሞች እንደ ቋንቋ ማስረጃ

ከጅቡቲ ባቡር ጣቢያ የሚነሣው የቀድሞው መስመር ሥራው በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የጣቢያዎቹ ዝርዝር ጠቃሚ የቦታ ስም መዝገብ ነው፤ ነገር ግን ስሞቹ በፈረንሳይኛ ጽሕፈት በኩል ስላለፉ የአፋርኛንና የሶማልኛን ድምፆች በቀጥታ አያሳዩም።

ከተማዋ በሶማልኛ «ጃቡቲ»፣ በአፋርኛ «ጋቡቲ» ትባላለች። የአማርኛው «ጅቡቲ» ለፈረንሳይኛው ስለሚቀርብ የአፋርኛው «ገ» በመዝገቡ አይታይም።

በመስመሩ ላይ ያለው የዓሊ ሳቢህ ስም ሌላ ችግር ያሳያል። የስሙ መነሻ የሆነው የጉሮሮ ድምፅ በ1972 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የሶማልኛ አጻጻፍ በላቲኑ «ሲ»፣ በአፋርኛ አጻጻፍ በ«ኪው» ይወከላል፤ የፈረንሳይኛው ጽሕፈት ግን ምልክት አልሰጠውም። የግእዝ ፊደል «ዐ» ቢኖረውም በአማርኛ ንባብ ከ«አ» አይለይም፤ ስለዚህ «አሊ» ወይም «ዓሊ» መባሉ ብቻውን ስለ ድምፁ አይመሰክርም።

በመስመሩ ሌላ ጫፍ የሚገኘው የአዲስ አበባው «ለገሃር» ደግሞ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ የወል ስም የነበረው በአማርኛ የተጸውዖ ስም ሆኗል።

ስለዚህ የቦታ ስም መዝገብ የተናጋሪዎቹን አጠራር፣ የጽሑፉን ቋንቋና የተጻፈበትን ዘመን ለየብቻ ማስፈር ይገባዋል። የጣቢያው ሰሌዳ ስም ብቻ ከተመዘገበ የሌሎቹ ቋንቋዎች ምስክርነት ይጠፋል።