ኔትወርክ ሲጠፋ የማይጠፋ ኢሜይል



የሰሚስተሩ እረፍት ደርሷል። ወደ ሰቆጣ፣ ጋዝጊብላና ደሃና የምትሄዱ እህት ወንድሞች ችግሩን ታውቁታላችሁ። የአድቫይዘራችሁን አስተያየት በብራውዘር ልታነቡ ትከፍታላችሁ፣ ገጹ ግማሽ ላይ ይቆማል፤ መልስ ስትጽፉ ኔትወርኩ ይሄዳል፣ የጻፋችሁትም አብሮ ይሄዳል። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ መብራትም ስልክም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል።

መፍትሔው ድሮ የነበረ ነው። አገራችን በ1997 እ.ኤ.አ. ሙሉ ኢንተርኔት ከማግኘቷ በፊት፣ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ ኢሜይል የሚያስተላልፈው በስልክ መስመር ነበር። ሰው ደብዳቤውን ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል፤ መስመሩ ሲገናኝ የተጠራቀመው በአንዴ ይሄዳል፣ የመጣውም ይወርዳል። ዛሬም ተንደርበርድ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ ያደርጋል። በዊንዶውስም ይሠራል፤ እዚህ የምናየው ግን ብዙዎቻችን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የምንጭነውን ኡቡንቱ ሊኑክስን ነው።

ከፕሮግራሞች ዝርዝር ስሙን ፈልጋችሁ ክፈቱት። በተርሚናል ከሆነ ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አንድ ላይ ተጭናችሁ ስሙን በላቲን ጻፉ፤ ሁሉም ፊደል ትንንሹ ይሁን፣ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል። ከስሙ ኋላ የ“እና” ምልክቷን ብትጨምሩ ተርሚናሉ ለሌላ ትዕዛዝ ነጻ ይሆናል።

የመጀመሪያው ማስነሻ የግድ ኢንተርኔት ባለበት፣ ማለትም እዚሁ ካምፓስ መሆን አለበት። አድራሻችሁን ስታስገቡ ጂሜይል የራሱን የመግቢያ ገጽ ያመጣል፤ ያ ገጽ ካልተከፈተ ምንም አይወርድም። ፖፕ ወይስ አይማፕ ብሎ ሲጠይቃችሁ አይማፕን ምረጡ፤ ስልካችሁ ላይ ያለውና ላፕቶፑ ላይ ያለው አንድ ይሆናል። (ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ የሰረዛችሁት ከስልካችሁም ይሰረዛል። ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ አትሰርዙ።) ቀጥሎ ከፋይል ሜኑ ኦፍላይን፣ ከዚያ ዳውንሎድ የሚለውን ተጭናችሁ ታገሡ። ዓመታት የተከማቸ መልእክት ካላችሁ ከዙህር እስከ ዐስር ሊወስድ ይችላል።

ሰቆጣ ስትደርሱ ያለ ኔትወርክ ታነባላችሁ፣ መልስም ትጽፋላችሁ። “ሴንድ ሌተር” ስትሉት አውትቦክስ ውስጥ ይቀመጣል። ኔትወርክ ባገኛችሁበት ሰዓት ግን ራሳችሁ ከፋይል ሜኑ ያልተላኩትን ላክ ማለት እንዳለባችሁ አትርሱ፤ ተልኳል ብሎ ሳምንት ሙሉ መልስ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም።

በላብ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ አንድ ነገር ያጋጥማችኋል። ፋይሎቻችሁ በሰርቨር ላይ ከሆኑና አንዱ ማሽን ላይ ፕሮግራሙን ሳትዘጉ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ፣ “አስቀድሞ ተከፍቷል፣ ምላሽ ግን አይሰጥም” ይላችኋል። አልተበላሸም። ሁለት ማሽን በአንድ ጊዜ ጽፎ መልእክቶቻችሁን እንዳያበላሽ ቁልፍ ፋይል አስቀምጧል። ወደ መጀመሪያው ማሽን ተመልሳችሁ ዝጉት። መዘጋቱን ሳታረጋግጡ ቁልፉን መሰረዝ መልእክት ያስጠፋል።

ሌላው የአማና ጉዳይ ነው። የወረዱት መልእክቶች ዲስኩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሁሉ ያነባቸዋል። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ የመግቢያ የይለፍ ቃል አድርጉ፤ የጋራ መግቢያ ባለበት ማሽን ላይ ጭራሽ አካውንት አታስገቡ። በስህተት ተከፍቶ ያገኛችሁትን የሌላ ሰው ደብዳቤም ሳታነቡ ዝጉ።

ለመንገድ ከመነሳታችሁ በፊት ማታ ዋይፋዩን አጥፉና ፕሮግራሙን አስነሱ። ከአድቫይዘራችሁ የመጣውን ትልቁን አባሪ ፋይል ክፈቱ። ካልተከፈተ ገና አልወረደም ማለት ነው፤ ዋይፋዩን መልሱና እስኪጨርስ ጠብቁ።