ስለ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ዕቃዎች፤ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች

ወደ ሪያድ በቅርቡ ከመጡት ተማሪዎች ጥቂቶቹ ዓርብ ዓርብ ራውዳ በሚገኘው ቤታችን ለቡና ሲሰበሰቡ ደጋግመው የሚያነሱት ችግር አለ። ይኸውም፣ «ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን አገር ቤት በጥቁር ሰሌዳ ተምረን ጥሩ ነጥብ አግኝተናል፤ እዚህ ግን መሳቢያው ውስጥ ያለውን ብርጭቆ በስሙ እንኳ አናውቀውም» የሚል ነው። እኛም በዚያው ሁኔታ ያለፍን ስለሆንን፣ እጃችንን እየቆረጥንም ቢሆን የተማርነውን ከዚህ በታች ለማብራራት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዕቃው ባዕድ አለመሆኑ ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ዲስቲሌሽንን አይቷል። ድፍድፉ የሚፈላበት እንስራ እዚህ ታቹ ክብ የሆነው ፍላስክ ነው፤ እንፋሎቱን የሚያሻግረው መቃ በኮንደንሰር ተተክቷል፤ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ መቀበያው ፍላስክ ነው። (አረቄ በዚህ አገር ክልክል ቢሆንም ቃሉ «ላብ» ማለት ከሆነው ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ነው። «አልኮል» የሚለውም እናቶቻችን ከሚኳሉት ኩል ጋር አንድ ሥር አለው።)

ጭቃ በሚመረግበት ቦታ ያለው ደግሞ የተሞረደው መጋጠሚያ ነው። በላዩ ላይ 24/40 ወይም 24/29 ተብሎ ይጻፋል። ፊተኛው ቁጥር የሰፊው ጫፍ ስፋት፣ ኋለኛው የተሞረደው ክፍል ርዝመት ነው፤ ሁለቱም በሚሊሜትር ናቸው። ስፋቱ በየ10 ሚሊሜትሩ በ1 ሚሊሜትር ስለሚጠብ፣ 24/40 እና 24/29 እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ፤ 19 እና 24 ግን ያለ አገናኝ ዕቃ አይገናኙም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የነካው መጋጠሚያ ሳይታጠብና ሳይላቀቅ ካደረ በማግሥቱ በጉልበትም ላይከፈት ይችላል።

ብርጭቆው ፓይሬክስ በሚል ስም ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው የቦሮሲሊኬት ዓይነት ነው። ሲሞቅ የሚለጠጠው ከተራው ብርጭቆ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ሙቀት ይችላል፤ ጉልበት ግን አይችልም። ከመካከላችን አንዱ ደረቅ የጎማ ቱቦ በኮንደንሰሩ አፍንጫ ላይ በኃይል ሲገፋ አፍንጫው ተሰብሮ መዳፉን ወጋው፤ ለሳምንታት እስክሪብቶ በደንብ መያዝ አልቻለም፤ የኮንደንሰሩንም ዋጋ ከፈለ። ቱቦውን በውሃ ማራስ፣ እጁን በፎጣ መጠቅለልና ብርጭቆውን ቱቦው ከሚገባበት ጫፍ አጠገብ መያዝ ይበቃው ነበር።

የኮንደንሰሩ ውሃ በታችኛው አፍንጫ ገብቶ በላይኛው ይወጣል። ከላይ ቢገባ ቁልቁል ፈስሶ ይሄዳል እንጂ ውጪኛውን ቱቦ አይሞላውም። ይህን መጽሐፉ ይነግራችኋል። መጽሐፉ የማይነግራችሁ የሪያድን በጋ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር የሚመጣ ውሃ ራሱ ይሞቃል። ኤተር የሚፈላው በ35 ዲግሪ ግድም፣ ዳይክሎሮሜቴን በ40 ነው። እንዲህ ያለው ውሃ እነዚህን አያቀዘቅዝም፤ እንፋሎቱ ወደ ክፍሉ ይወጣል፤ የኤተር እንፋሎት ደግሞ እሳት ይጠራል። ስለዚህ ባልዲ ውስጥ በረዶ አድርጎ ውሃውን በትንሽ ፓምፕ ማዞር ይሻላል። ውሃም ይቆጥባል፤ ለሪያድ የሚመጣው የባሕር ውሃ ጨው ወጥቶለት ከጁበይል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተገፍቶ ነው።

የቴርሞሜትሩ ጫፍ እንፋሎቱ ወደ ኮንደንሰሩ ከሚታጠፍበት ቀዳዳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከዚያ ከፍ ካለ የሚያሳየው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም፣ እዚህ በ98 ግድም ስለሚፈላ፣ አገር ቤት የጻፋችሁትን ቁጥር እዚህ አትጠብቁ።

ጠጠሩ ፈሳሹ ሳይሞቅ ይጨመር፤ በጋለ ላይ ከተጨመረ ገንፍሎ ፊት ላይ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የሚሞቅ ነገር መውጫ ሳይኖረው ከዳር እስከ ዳር አይዘጋ። ቦምብ ማለት ይኸው ነው።

ካፌይንን ከሻይ በዳይክሎሮሜቴን ስታወጡ የምትጠቀሙበት የመለያ ፈነልም ይህንኑ ሕግ ይከተላል። ክዳኑን በመዳፍ ይዞ መገልበጥ፣ ጭራውን ከሰው ፊት አርቆ ቧንቧውን በመክፈት ጋዙን ማስተንፈስ፣ ከዚያ ብቻ መናጥ፣ እንደገናም ማስተንፈስ ነው። ዳይክሎሮሜቴን ከውሃ ስለሚከብድ ካፌይኑ ያለው በታችኛው ክፍል ነው፤ የላይኛውን ግን ውጤቱ እጃችሁ እስኪገባ አትድፉት። ስንቱ ተማሪ የድካሙን ፍሬ ከነውሃው ደፍቶታል!

በመጀመሪያው ቀን የመሳቢያ መረከቢያ ወረቀት ይሰጣችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት እያንዳንዱን ፍላስክ ወደ መብራት አንሥታችሁ አዙሩት። እንደ ኮከብ የተበተነ ስንጥቅ ካያችሁ ወዲያውኑ አስለውጡ። ከፈረማችሁ በኋላ ዕዳው የእናንተ ነው፤ ቫክዩም ሲደረግበትም ወደ ውስጥ የሚፈነዳው በእናንተ እጅ ነው።